ከቆቡ ወደ ታች፦ የዘንድሮ ክረምት የእንጉዳይ ማስታወሻዬ

እንደምን ሰነበታችሁ? አምና ስልኬን የሞላው የእንጉዳይ ፎቶ ሁሉ ከላይ የተነሳ ነበር። ዘንድሮ አካሄዴን ቀይሬያለሁ። እንጉዳይ ሳገኝ መጀመሪያ የማየው የበቀለበትን ነገር ነው። ጉቶ ነው? ፍግ? ሣር? የዛፍ ሥር? ስሙን ባላውቀው እንኳ ሥራውን ከዚያ እገምታለሁ።

መቼም ታውቁታላችሁ፣ ለዓይን የሚታየው ፍሬው ብቻ ነው። ዋናው አካል በአፈርና በእንጨት ውስጥ የተዘረጋው ቀጭን ክር ነው። ጎንደር ላይ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ ድንገት ብቅ የሚለው ሁሉ ከታች ከርሞ የቆየ ነው።

በጉቶ ልጀምር። ግቢያችን ጥግ አንድ አሮጌ የባሕር ዛፍ ጉቶ አለ። ቅርፊቱን በቢላ ፈልቀቅ ሳደርገው ነጩ ክር እንጨቱን ሰርጎ ገብቶታል። እንጨቱ ገርጥቷል፤ በጣት ሲስቡት ቃጫ ቃጫ እየሆነ ይወጣል። ይህ ፈንገስ ሊግኒንን እየበላ ነው ማለት ነው። ሊግኒን እንጨትን የሚያጠነክረው ነገር ነው፤ እሱን እስከ መጨረሻው የሚያፈርስ ከፈንገስ ሌላ ብዙ ፍጥረት የለም። እነሱ ባይኖሩ የወደቀ ግንድ ሁሉ እንደተጋደመ ይቀር ነበር፣ የያዘው ንጥረ ነገርም ለአፈር አይመለስም። ሌላ ጉቶ ላይ ደግሞ እንጨቱ ቡናማ ሆኖ በአራት ማዕዘን ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። ያኛው ፈንገስ ሴሉሎሱን፣ ማለትም የእንጨቱን ቃጫ የሚሠራውን ነገር፣ በልቶ ሊግኒኑን ትቶታል። ይህን በቢላ ብቻ መለየት መቻል ደስ ይላል!

ፍግ ላይ የሚበቅለው ግን ልቤን ወስዶታል። ጠዋት ከፈረስ ፍግ ላይ ደርቶ ያየሁት፣ ከሰዓት ስመለስ ቆቡ ከጠርዙ ጀምሮ ጥቁር ፈሳሽ እየሆነ ይንጠባጠባል። ብዕር ከደብተራ ቀለም ቀንድ ውስጥ ገብቶ የወጣ ይመስላል። ራሱን በራሱ የሚያሟሟው ስፖሩን፣ ማለትም እንደ ዘር የሚያገለግለውን ብናኝ፣ ለመበተን ነው። ጠርዙ ሲቀልጥ ከቆቡ ሥር ያለው ሽንሽን ይከፈታል፣ ስፖሩም ለንፋስ ይጋለጣል።

የስፖር አሻራ ማንሳትም ለምጃለሁ። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ቆቡን በሽንሽኑ በኩል አስቀምጣችሁ ብርጭቆ ድፉበትና አሳድሩት። ሣር ላይ የበቀለ ትልቅ ነጭ እንጉዳይ አረንጓዴ አሻራ ከሰጣችሁ ወደ አፋችሁ እንዳታስጠጉት፤ ክፉኛ ያስመልሳል። «ይበላል ወይ?» ለምትሉኝ፣ የዱሩን አልበላም፤ አራት ነጥብ። የአንዳንዱን መርዝ ማፍላት አያጠፋውም፣ ሕመሙም የሚጀምረው ከተበላ ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እዚህ ጎንደር ባለው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ትልልቅ ጥድና ወይራ አለ። እዚያ ያየኋቸው እንጉዳዮች ከረገፈ ቅጠልና ከወደቀ እንጨት የበቀሉ ናቸው፤ ከዛፎቹ ሥር ጋር የተያያዘ አላገኘሁም። በአዘዞ በኩል ባለ የባሕር ዛፍ ተክል ውስጥ ግን ድቡልቡል እንጉዳይ ከአፈሩ ፈንቅሎ ይወጣል። ታዲያ አሮጌው የደብሩ ደን ከሥሩ ጋር ተባብሮ የሚኖር የፈንገስ አጋር የለውም ማለት ነው?

አለው። ጥድና ወይራ የሚወዳጁት ሥራቸው ውስጥ ገብቶ ከሚኖር ፈንገስ ጋር ነው። እሱ እንጉዳይ አያወጣም፤ ስፖሩንም የሚሠራው እዚያው መሬት ውስጥ ነው። ፎስፈረስ ከሩቅ ይስባል፣ ዛፉ በምላሹ ስኳር ይሰጠዋል። ከባሕር ዛፍ አጋሮች መካከል ደግሞ ሥሩን ከውጭ የሚሸፍኑና እንጉዳይ የሚያወጡ አሉ። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ስለሆነ፣ በዓለም ላይ በተተከለበት ብዙ ቦታ አጋሮቹም ተከትለውታል። ስለዚህ እንጉዳይ በመቁጠር የደን አፈር ጤና አይለካም። እኔ በበኩሌ የቆጠራ ሠንጠረዤን ትቼዋለሁ።

ቀጣዩ ሙከራዬ ከዚህ የመጣ ነው። የደብሩን አባቶች አስፈቅጄ ከአሮጌ ጥድ ሥር ትንሽ አፈር እወስዳለሁ። ግማሾቹን የጥድ ችግኞች በዚያ አፈር ቀላቅዬ፣ ግማሾቹን ያለ እሱ አፈላለሁ። ቁመታቸውንና ሥራቸውን አወዳድሬ እነግራችኋለሁ። ችግኝ በፕላስቲክ ያፈላችሁ ካላችሁ፣ ውሃ በስንት ቀን እንደምታጠጡ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።