ደወሉ ሲጮህ እጅን መሰብሰብ

የቀኙ ሞተር የእሳት መብራት ቀይ ሲበራና ደወሉ ሲጮህ የምናበረው ቦይንግ 737 መንደርደሪያውን ገና መልቀቁ ነበር። ረዳት አብራሪዋ ደወሉን ዝም አሰኘችው፤ እኔም አቅጣጫዬን ጠብቄ ከፍታ መያዜን ቀጠልኩ። ቢያንስ 400 ጫማ ሳይደረስ ሞተር ለማጥፋት እጅ አይሰነዘርም። እሳት የያዘው ሞተር ግፊት መስጠቱን ሊቀጥል ይችላል፤ መሬት አጠገብ ፍጥነት ማጣት ግን ፋታ የለውም።

ከዚያ በኋላ ሥራው የሁለት ሰው ሆነ። አውቶማቲክ የኃይል መቆጣጠሪያውን አላቅቄ የቀኙን የኃይል ዘንግ ያዝኩና ጠበቅሁ። «ቀኝ ነው፣ ካፒቴን» ስትለኝ ወደ ኋላ ሳብኩት። የነዳጅ መዝጊያውን ደግሞ እሷ ያዘች፤ እኔ አይቼ ሳረጋግጥላት ዘጋችው። የእሳት እጀታውም እንዲሁ። እጀታው ሲሳብ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የነዳጅና የሃይድሮሊክ መስመር ይዘጋል፤ ጄኔሬተሩም ይቋረጣል።

መብራቱ አልጠፋም። እጀታውን አዙራ አንዱን የማጥፊያ ጠርሙስ ለቀቀችና ሰዓት ያዘች። ሁለተኛው የሚለቀቀው 30 ሰከንድ ቆይቶም መብራቱ ካልጠፋ ነው፤ ሁለቱ ጠርሙሶች ለሁለቱም ሞተሮች የተቀመጡ ናቸው፤ ሦስተኛ የለም። አውሮፕላኑ ወደ ጠፋው ሞተር እንዳይዞር ግራ እግሬ ፔዳሉን ተጭኖ እየዛለ፣ ዓይኔም ከመሣሪያዎቹ ወደ መብራቱ ልሂድ እያለ እያስቸገረኝ፣ ያ ግማሽ ደቂቃ አላልቅ አለ። ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መብራቱ ጠፋ።

በሲሙሌተር፣ ማለትም መሬት ላይ ባለው የበረራ መለማመጃ፣ ይህን ሁሉ በጥድፊያ ጨርሶ የሚኮራ አብራሪ አይማርከኝም። እ.ኤ.አ. በ1989 እንግሊዝ ውስጥ ኬግወርዝ አጠገብ የወደቀው 737 የተጎዳበት ግራ ሞተሩ ሆኖ ሳለ አብራሪዎቹ ያጠፉት ቀኙን ነበር፤ 47 ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2015 ታይዋን ውስጥ ታይፔ ላይ የተከሰከሰው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን፣ ኤቲአር 72ም፣ ደህናው ሞተር ጠፍቶበት 43 ሰዎች አልቀዋል። «ቀኝ ነው» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ስንት ነው?

መብራቱ ቢጠፋም ወደ ተነሣንበት ተመለስን። ለዋና አስተናጋጇ ችግሩን፣ የቀረንን ጊዜና ምናልባት በአስቸኳይ መውረድ ሊያስፈልግ እንደሚችል ነገርኳት፤ ከዚያ በላይ ማብራራት ሥራዋን ማዘግየት ነው። መንደርደሪያው ላይ ቆመን እሳት አደጋዎቹን በሬዲዮ ስንጠይቅ ጭስም ነበልባልም እንደማይታያቸው ነገሩን። የአደጋ መንሸራተቻ ራሱ እግር ይሰብራልና፣ ተሳፋሪዎቹ ደረጃ እስኪመጣ ከወንበራቸው እንዳይነሡ አዘዝኩ።