ዴቭኦፕስ የገባኝ ዲስኩ የሞላ ለት ነው

ዴቭኦፕስ (ኮድ መጻፍንና ሰርቨር መጠበቅን አንድ ላይ የሚያስኬድ አሠራር) መጀመር የሚፈልጉ ልጆች ሲያገኙኝ ቶሎ የሚጠይቁኝ "ዶከር ይቅደም ወይስ ኩበርኔቲስ?" ብለው ነው። ሁለቱም ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል ጥቅል ለማስኬድ የሚያገለግሉ ሶፍትዌሮች ናቸው። እኔም የጀመርኩት ከዚያው ነበር። ያን ጊዜ አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ማታ ቤት ስገባ 4 ጊጋ ራም ባላት አሮጌ ላፕቶፕ ኩበርኔቲስ ለመጫን እታገላለሁ። ላፕቶፗ ትሞቅና ቀጥ ትላለች። ሁለት ወር እንዲሁ አለፈ። ያ ጊዜ ዛሬም ይቆጨኛል። ኮንቴይነር የሚሉት ነገር ከሥሩ ሲታይ ተለይቶ የሚሠራ የሊኑክስ (የአብዛኞቹ ሰርቨሮች ስርዓተ ክወና) ፕሮሰስ፣ ማለትም እየሄደ ያለ ፕሮግራም መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር።

ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) ላይ ልለማመድ ስል ደግሞ አካውንት ለመክፈት በዶላር የሚከፍል ካርድ ጠየቀኝ። ከየት ላምጣ? ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ኮምፒውተር) ላይ ጫንኩና በተርሚናል፣ ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት ብቻ መሥራት ጀመርኩ። የፋይል ፈቃድ መስጠት፣ ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ማስነሳት፣ ሎግ (ፕሮግራም የሠራውን የሚጽፍበት መዝገብ) ማንበብ፣ በኤስኤስኤች ከርቀት ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ መግባት። አዲስ ሥራ፣ ሰርቨር መጠበቅ፣ ያስገኘኝ ይሄ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ወር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስልክ ተደወለ። ደንበኞች መክፈል አልቻሉም። ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ ዲኤፍ (df፣ የዲስክ ቦታ የሚያሳይ ትእዛዝ) ብዬ ሳይ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ሞልቷል። አንድ ግዙፍ የሎግ ፋይል አገኘሁና አጠፋሁት። ደግሜ ዲኤፍ አልኩ። አሁንም 100። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሌላ ፋይል አጥፍቼ ይሆን?

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። "አይዞህ ወንድሜ፣ ፋይሉን ማን ከፍቶ እንደያዘው እይ" አለኝ። ኤልኤስኦኤፍ (lsof) በሚባለው ትእዛዝ ሳይ ነገሩ ተገለጠልኝ። ሊኑክስ ላይ ፋይል ስናጠፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ስሙ ነው። የከፈተው ፕሮግራም እስካልዘጋው ድረስ የያዘው ቦታ አይለቀቅም። ሰርቪሱን እንደገና ሳስነሳው ዲስኩ ተነፈሰ።

ጠዋት ቢሮ ስንገናኝ አለቃዬ ጥፋተኛ አልፈለገም። "እስኪሞላ ድረስ ለምን አልሰማንም?" ነው ያለው። ዲስኩ 80 ፐርሰንት ሲደርስ መልእክት እንዲልክልን አደረግን። ሎጉ በየቀኑ በአዲስ ፋይል እየጀመረ አሮጌው እንዲጠፋ ሎግሮቴት በሚባል መሣሪያ አስተካከልን። ከዚያ ፕሮግራሙን የጻፈችው ልጅ አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ለሙከራ የከፈተችው ዝርዝር ሎግ ሳይዘጋ ሰርቨሩ ላይ ወጥቷል። አንድ መስመር ነው የቀየረችው። ዴቭኦፕስ የገባኝ ያኔ ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ2009 ቤልጂየም ጌንት ከተማ በተደረገ ጉባኤ ሲታወቅ ጉዳዩ ይሄው ነበር፤ ኮድ ጸሐፊውና ሰርቨር ጠባቂው ግድግዳ ለይቷቸው እንዳይሠሩ።

ስለዚህ ለጀማሪ የምለው፣ ስድስት ወር ሊኑክስና ኔትወርክ ላይ ቆዩ። ጊትን (የኮድ ለውጥ የሚመዘግብ መሣሪያ) ከመጀመሪያው ቀን ልመዱ። ሁለቴ በእጃችሁ የሠራችሁትን ሦስተኛ ጊዜ በስክሪፕት፣ ትእዛዞቹን ፋይል ላይ ጽፋችሁ፣ ሥሩት። ያበላሻችሁትንና የጠገናችሁትን ጻፉ። ቃለ መጠይቅ ላይ ከሰርተፊኬት ይልቅ የእኔ ማስታወሻ ነው ያናገረኝ።

እስቲ ዛሬ ማታ ቨርቹዋል ማሽናችሁ ላይ አንድ 2 ጊጋ የሚሆን ፋይል ፍጠሩ። በአንድ ተርሚናል ቴይል የሚባለውን ትእዛዝ ከኤፍ ጋር (tail -f) ተጠቅማችሁ ክፍት አድርጋችሁ ያዙት። በሌላው አጥፉትና ዲኤፍ በሉ። ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ቴይልን ዝጉና ደግማችሁ እዩ።