ከቡና ገለፈት ሃይድሮጅን፦ በኖራው ቱቦ ያለቀው ሁለት ወር

ባለፈው ቅዳሜ ሲሪንጁ ውስጥ የነበረው 60 ሚሊ ሊትር ጋዝ 58 ላይ ሲቆም፣ አብሮኝ የሚሠራው በያጅ «ሲሪንጁ ተጣብቆ ይሆናል» ብሎ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፤ ሦስተኛውም ያው 58 ሆነ። ለሌላ ሰው ምንም የማይመስለው ይህ ቁጥር ጋዙ ውስጥ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጥቂት መሆኑን ስለሚያሳይ ለእኔ የሁለት ወር ልፋት ውጤት ነው፤ ስለዚህ እንደ እኔ ከቡና ገለፈት ሃይድሮጅን ለማውጣት እየሞከራችሁ ላላችሁ ላካፍላችሁ ወደድኩ።

የመጀመሪያውን ደረጃ በአጭሩ ልለፈው። ጅማ ውስጥ ጀንፈል በሚፈለፈልበት ቦታ ሁሉ ገለፈት ተከምሮ ይገኛልና የጥሬ ዕቃ ችግር የለብኝም። በደንብ የደረቀውን ገለፈት በተዘጋ የብረት ቱቦ ውስጥ አስገብቼ ከውጭ በከሰል እሳት እስከ 800 ዲግሪ አግለዋለሁ፤ ከታች ደግሞ እንፋሎት እለቅበታለሁ። ካርቦኑ ከእንፋሎቱ ጋር ተዋሕዶ ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል፤ ሞኖክሳይዱም ከተረፈው እንፋሎት ጋር ሲገናኝ ተጨማሪ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አየር እየነፉ የሚሠሩ ሰዎች የሚያገኙት ጋዝ ግማሽ ያህሉ ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ሃይድሮጅን ለሚፈልግ ሰው ያ ዘዴ አይረባም ባይ ነኝ። የገለፈት አመድ ፖታሲየም ስለሚበዛበት እሳቱ ሲበረታ ቀልጦ እንደ ጠርሙስ ይጋገራል፤ አንድ ጊዜ ቱቦውን በመዶሻና በመሮ ካጸዳሁ ወዲህ በእሳቱ ላይ እጄን ሰብስቤያለሁ።

ያሰቃየኝ ጋዙ ከዚህ ቱቦ ወጥቶ የሚያልፍበት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚይዘው የኖራ ቱቦ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ 56 ግራም የተቃጠለ ኖራ እስከ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊይዝ ይችላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከጋዙ ውስጥ እየተነሣ ሲሄድም ሞኖክሳይዱ ወደ ሃይድሮጅን የሚለወጥበት ሂደት ይበልጥ ይገፋል። መመዘኛዬ ከፋርማሲ የገዛሁት ሲሪንጅ ነው። ቀዝቅዞ የተቀዳ 60 ሚሊ ሊትር ጋዝ ከኮስቲክ ሶዳ ውሃ ጋር ሲናጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ ውሃው ስለሚገባ የጎደለው መጠን ድርሻውን ይናገራል። ጋዙ ሳይቀዘቅዝ ከተቀዳ ግን ራሱ እየበረደ ስለሚኮማተር ውጤቱ ያታልላል። ይህን መሣሪያ ከማንኛውም ውድ ዕቃ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ሃይድሮጅኑን ለብቻው ስለማይለካ ግን ስለ እርሱ የምናገረው ሁሉ ግምት መሆኑን አልሸሽግም።

ያለ ኖራ 60ው ወደ 47 ይወርድ ነበር፤ ኖራውን ስጨምር 48 ሆነ። ኖራው እንደሌለ ማለት ነው። እኔም ጥፋቱን በኖራው ላይ ጣልኩ፤ ቆይቶ አየር የበላው ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ሌላ ገዛሁ፣ እንደገና አቃጠልኩት፣ ከሻጩም ጋር ተነታረክሁ። ቱቦው እንደ ፍም ሲቀላ ሳይም ኖራው በርትቶ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ኖራ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሲይዝ ሙቀት ይሰጣል፤ ሙቀቱ ሲበዛበትም የያዘውን መልሶ ይለቃል። በ650 ዲግሪ አጥብቆ የሚይዘው ኖራ በ800 ዲግሪ፣ ያውም በእንፋሎት በቀጠነ ጋዝ ውስጥ፣ የሚይዘው የለም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ጅማ ደግሞ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ኖራው መያዝ የሚያቆምበት የሙቀት ገደብ ትንሽ ዝቅ ይላል።

ቴርሞካፕሉን (የሙቀት መለኪያውን) በሽቦ ከኖራው ቱቦ ውጭ አስሬው ስለነበር የሚያሳየኝ 660 ነበር፤ በስተመጨረሻ ወደ መሀል ሳስገባው 790 አነበበ። ይባስ ብሎ ሁለቱን ቱቦዎች የሚያገናኘውን ብረት ሙቀት እንዳይባክን ብዬ በጭቃና በአመድ የለበጥኩት እኔው ነበርኩ። ልባጩን አፍርሼ ብረቱን ራቁቱን ስተወው ጋዙ በመንገድ በርዶ ወደ 650 ወረደ፤ ቅዳሜም 58 መጣ። ስለዚህ ኖራ ከመቀየራችሁ በፊት ሙቀቱን መሀሉ ላይ ለኩ። ሥራውንም ደጅ ሥሩ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ እኔ በጠባብ ክፍል ሠርቼ ያመጣሁትን ራስ ምታት ለሁለት ቀን አስታምሜዋለሁ።

አሁን የቀረኝ ችግር ኖራውን ለማደስ በ900 ዲግሪ ደጋግሜ ሳቃጥለው እየተጣበቀ የመያዝ አቅሙ መቀነሱ ነው። ከዚህም በላይ ሲታደስ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የማከማችበት ዕቃ ስለሌለኝ ወደ አየር እለቀዋለሁ። ሳላድሰው ብተወው እንኳ ኖራው መጀመሪያ ከድንጋይ ሲቃጠል የለቀቀውን ያህል መልሶ ያዘ እንጂ ትርፍ የለውም። እስካሁን ወደ አየር እንዳይገባ አገድኩት ልል የምችለው ካርቦን በገለፈቱ ቱቦ ግርጌ የሚተርፈውን ከሰል ብቻ ነው፤ እርሱንም ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ቡና አፍልታበታለች።