«ቆጥረሃቸዋል?»

ቱሉ ዲምቱ ጥገና ቤት ስከፍት ረዳቴ የነበረው ልጅ አሁን ኮዬ ፈጬ የራሱ ሱቅ አለው። ገበያው ከእኔ ይሻላል ይባላል። ሄጄ አላየሁም።

አንድ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው ጎረቤቴ ኮምፒውተራቸውን አሸክመው መጡ። «ልጄ፣ ፓወር ግዕዝ እስኪከፈት ቡና ይፈላል። አዲስ የምገዛበት የለኝም፤ ይችኑ አድስልኝ» አሉኝ።

ከፈትኩት። ፕሮሰሰሩ ኮር ቱ ዱኦ፣ ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ቦርድ ደግሞ ጂ 41 ማዘርቦርድ። ለራም፣ ማለትም ማሽኑ ሲሠራ ለሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ለቀድሞው ዓይነት ለዲዲአር 2 ሁለት ስሎት (መሰኪያ)፣ ለተከታዩ ለዲዲአር 3 ሁለት ስሎት ያለው ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ መሰካት የለም፤ ወይ ይህ ወይ ያ። የተሰካው 1 ጊጋ ዲዲአር 2 ብቻ! ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር 2 ማግኘት ጣጣ ነው፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ዲዲአር 3 ግን ከተፈታታ የቢሮ ኮምፒውተር እንደ ልብ ይገኛል። ምኑ ያስመርጣል?

መርካቶ ሄጄ ባለ 4 ጊጋ ሁለት ፍሬ ገዛሁ። ሰካሁት። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ። ቢፕ፣ ቢፕ፣ ቢፕ። ነቅዬ እግሩን በላጲስ አሸሁት። ቢፕ። አንዱን ብቻ ሞከርኩ። ቢፕ። የድሮውን ዲዲአር 2 ስመልስ ተነሳ። በቃ፣ የዲዲአር 3 ስሎቱ ሞቷል አልኩ። ሴትዮዋንም «ቦርዱ ነው» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ ዘጋው። ውሸት አልነበረም፤ የሚሞክርበት ማሽን ከሴትዮዋ ኮምፒውተር ብዙ ዓመት ዘግይቶ የተሠራ አዲስ ነው። ለምን ማሽን እንደምፈልገው ግን አልጠየቀኝም።

በመጨረሻ ሰላም ለማለት ያህል ብዬ ለዚያ ልጅ ደወልኩ። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ መብራት መጥፋት አወራን። ከዚያ እግረ መንገዴን አስመስዬ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ቆጥረሃቸዋል?»

«ምኑን?»

«ጥቁሮቹን። ራሙ ላይ ያሉትን ቺፖች።»

ቆጠርኩ። «8።»

«በጀርባውስ?»

«ባዶ ነው።»

ትንሽ ዝም አለ። ያ ዝምታ እስካሁን አልወጣልኝም። «ጂ 41 እሱን አያነብም ጋሼ። 4 ጊጋው ለ8 ቺፕ ሲካፈል እያንዳንዱ 512 ሜጋ ይይዛል፤ ለእሱ ይበዛበታል። ባለ 16ቱን ፈልግ፣ 8 ከፊት 8 ከኋላ። እዚያ ላይ አንዱ ቺፕ 256 ነው።»

«ይህን ማን አስተማረህ?»

«አንተ ነሃ!»

አላስታውስም። እውነት አስተምሬው ከነበረ ያስተማርኩትን ረስቻለሁ ማለት ነው። አላስተማርኩትም ከነበረ ደግሞ ፊቴን ሊያተርፍልኝ ዋሽቷል። የትኛው እንደሚያናድደኝ አልወሰንኩም። ማኪያቶ እየላክሁት ያደገ ልጅ እኮ ነው።

ባለ 16ቱን ገዝቼ ሰካሁት። አንድ ቢፕ ብቻ፣ ተነሳ። ዊንዶውሱንም ወደ 64 ቢት ቀየርኩት፤ በ32 ቢት ከ8 ጊጋው ራም ግማሹ ለጌጥ ነው። እነዚያ ባለ 8ቱ ሌላ ደንበኛ ማሽን ላይ በመጀመሪያው ሙከራ ሠሩ፤ ሻጩ ይህን አይስማ። ሴትዮዋ ሊወስዱ መጥተው አበሩት፤ ፓወር ግዕዝ ወዲያው ተከፈተ። «አቧራው ነበር ያስቸገረው አይደል?» አሉኝ። «አዎ እማማ» አልኳቸው። ምን ልበል?

በዚያው ሰሞን ለራሴ ማስታወሻ ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ በማርከር «ቁጠር!» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሊከፍለኝ ሲል ቀና ብሎ ያያታል፤ ብሩን መልሶ ይቆጥራል።