ጉልበቱ ተቀየረ፣ በሽታውስ?

በደብረ ብርሃን ከተማ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ወደ ክፍላችን ከሚመጡት ታካሚዎች ብዙዎቹን የሚያማቸው ጉልበታቸው ነው። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከጣርማበር የሚመጣው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዳገት ሲወጣ ቁልቁለት ሲወርድ የኖረ ነው፤ የሕመሙ መነሻ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን መልሱ አንድ ነው፤ «ብርድ መታኝ»። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ብርዱን ቢከስ አይፈረድበትም። ነገር ግን ብርድ እየተባለ የሚታለፈው ቁርጥማት ውስጡ ሲታይ የተለያየ በሽታ ነው። ልዩነቱ ጉልበት በቀዶ ጥገና ከተቀየረ በኋላ ምን ያህል እንደሚከብድ ያየሁት ከአንድ ደብር በመጡ ሁለት ታካሚዎች ነው።

አንደኛው መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባን ተጠግቷል። ሁለተኛዋ ሃምሳ ያልሞላቸው፣ የበግ ጠጉር እየፈተሉ ልጆች ያሳደጉ የመንዝ ሴት ናቸው። ሁለቱም በተቀራራቢ ጊዜ አዲስ አበባ ሄደው ቀኝ ጉልበታቸውን አስቀየሩ። የገባላቸውም ዕቃ በዓይነቱ ያው ነው፤ የጭን አጥንቱን ጫፍ የሚያለብስ ብረት፣ በቅልጥም አጥንቱ አናት ላይ የሚቀመጥ ሌላ ብረት፣ በመካከላቸው ደግሞ እንደ ልም አጥንት የሚያገለግል ጠንካራ ፕላስቲክ። ከዚያ በኋላ ደብረ ብርሃን ልጆቻቸው ዘንድ አርፈው ወደ እኛ ይመላለሱ ጀመር። ብዙ ጊዜ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዱ የሌላውን እርምጃ ያያል።

የመሪጌታ በሽታ ኦስቲዮአርትራይተስ ነበር። ይህ በዕድሜ፣ በሥራ ጫና፣ በክብደትና በዘር ምክንያት የመገጣጠሚያው ልም አጥንት እየሳሳ ሄዶ አጥንት ከአጥንት የሚፋተግበት ሕመም ነው። ጉዳቱ በአብዛኛው ያለው እዚያው መገጣጠሚያ ላይ ስለሆነ፣ የተጎዳው ጉልበት ሲቀየር የሕመሙ ምንጭ አብሮ ይወጣል። በዓለም ላይ ከሚደረጉት የጉልበት ቅየራዎች ከመቶ ከዘጠና የሚበልጡት ለዚህ ሕመም የሚደረጉ ናቸው። ታካሚ የሚነገረው ነገር ሁሉ፣ በስንት ጊዜ እንደሚሄድ፣ ምን ያህል እንደሚያጥፍ፣ በአብዛኛው ከእነዚህ ሰዎች ልምድ የተወሰደ ነው። መሪጌታም በዚያው መንገድ ሄዱ። ተረከዛቸው በአንሶላው ላይ እንዲንሸራተት ፌስታል ከሥሩ እናነጥፍላቸዋለን፤ እሳቸው ጥርሳቸውን ነክሰው፣ በየእጥፋቱ አንድ የውዳሴ ማርያም አንቀጽ እያሉ ወደ መቀመጫቸው ይስቡታል። የጉልበታቸው እጥፋት ዘጠና ዲግሪ ሲደርስ ከወንበር ያለ ሰው እርዳታ መነሳት ቻሉ። ጥቂት ቆይተው የእንጨት ደረጃችንን ወጥተው ወረዱ።

የመንዟ ሴት፣ እትዬ የምላቸው፣ ግን ወደ ኋላ ቀሩ። የእሳቸው ሕመም ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ ኃይል ጠላት ያገኘ መስሎት የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት፣ ብዙውን ጊዜ ሁለቱን እጅና ሁለቱን እግር አጣምሮ የሚይዝ በሽታ ነው። የመጀመሪያው ችግር ጉልበታቸው ላይ አልነበረም፤ እጃቸው ላይ ነበር። ጣቶቻቸው ከሥራቸው ጀምሮ ወደ ትንሿ ጣት ዘንብለዋል፤ አንጓዎቻቸው አብጠዋል። እንዝርት ያሽከረከረው ያ እጅ የዎከሩን፣ ማለትም በሁለት እጅ ተይዞ የሚኬድበትን የመራመጃ ድጋፍ፣ እጀታ መጨበጥ አቅቶት ይንሸራተታል። ጉልበት የተቀየረለት ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክብደቱን የሚያካፍለው በእጁ ነው፤ እሳቸው የሚያካፍሉበት እጅ አልነበራቸውም።

መፍትሔውን ያመጡት መሪጌታ ናቸው። ሲንገዳገዱ አይተው፣ «ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያ ስንቆም የሚሸከመን ብብታችንና ክንዳችን ነው፤ ጣት ምን አቅም አለው? ክንዷን የምታሳርፍበት ነገር አበጅላት» አሉኝ። ክንድ የሚያሳርፍ ድጋፍ በሕክምናም የታወቀ ነው፤ በእኛ ክፍል ግን አልነበረም። የሰፈር አናጺ ዘንድ ሄደን በዎከሩ ሁለት ጎን ክንድ የሚያስተኛ እንጨት አስገጠምን፤ ልጃቸው ደግሞ ውስጡን የበግ አጎዛ አለበሰችው። እትዬ በማግስቱ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ተራመዱ።

ደስታችን ብዙ አልቆየም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የመጡት በሰው ተደግፈው ነበር። የተሠራው ጉልበት ሞቋል፤ ያልተሠራው አብጧል፤ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ሰውነታቸው ተሳስሮ እስከ እኩለ ቀን እንደማይፈታ ነገሩኝ። ዘመዶቻቸው ዋግምት ሊያስደርጉላቸው፣ ወጌሻም ሊጠሩላቸው ተስማምተው ኖሯል። አጥብቄ ለመንኳቸው። ሰው ሠራሽ ጉልበት ባለበት እግር ላይ ቆዳን በምላጭ መብጣት ለጀርም በር መክፈት ነው፤ ጀርም ብረቱ ላይ ከሰፈረ ደግሞ ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ብቻ አይለቅም፤ ዳግም ቀዶ ጥገና ያስከትላል። ይህ አደጋ ሩማቶይድ ባለበት ሰው ላይ ኦስቲዮአርትራይተስ ካለበት ይበልጣል፤ በሽታው ራሱም፣ የሚታከምበት ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒትም የመከላከል አቅምን ያዳክማሉ።

ስለዚህ የሞቀ ጉልበት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኢንፌክሽን ነው። የደም ምርመራ ብቻውን አይበቃም፤ የብግነት ምልክቱ በሩማቶይድም በኢንፌክሽንም ከፍ ይላልና። ሐኪሙ ከጉልበታቸው ፈሳሽ በመርፌ ቀድቶ አስመረመረ። ጀርም አልተገኘም። ያን ጊዜ መድኃኒታቸውን ጠየቅን።

እትዬ መድኃኒት አቁመዋል። ከቀዶ ጥገናው በፊት በሄዱበት አንድ ቦታ «የምትወስጂውን ሁሉ አቁሚ» ተብለዋል፤ ከዚያ በኋላ ጀምሪ ያላቸው አልነበረም። እሳቸውም አልጠየቁም፤ ምክንያታቸውን ሲነግሩኝ መልስ አጣሁ፤ «ልጄ፣ የታመመውን ቆርጠው ጥለውታል፤ ለምኑ ልዋጥ?»

ከሰው አፍ የሚወጣ ከዚህ የበለጠ ምክንያታዊ ንግግር የለም። መሪጌታ አጠገባቸው ተቀምጠው ለቁርጥማት አንድ ክኒን ሳይውጡ ሲሻላቸው እያዩ፣ እሳቸው ለምን ይዋጡ? እንዲህ አልኳቸው፦ «እትዬ፣ የመሪጌታ ቤት አንድ ምሰሶ አርጅቶበት ተቀየረ። የእርስዎን ምሰሶ ያበሰበሰው ግን የሚያፈሰው ጣሪያ ነው። ምሰሶው አዲስ ሆኗል፤ ጣሪያው ካልተከደነ ሌሎቹ ምሰሶዎች ይበሰብሳሉ።» ዝም ብለው እጃቸውን አገላብጠው አዩ። «ታዲያ ጣሪያው ክኒኑ ነው በለኛ» አሉ።

ይወስዱት የነበረው ሜቶትሬክሴት ነው። ይህ መድኃኒት ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሩማቶይድ በስፋት የዋለ ሲሆን፣ በዚህ ሕመም ጉልበታቸው እስኪቀየር የሚደርሱ ሰዎች እንዲቀንሱ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ነው። ለቀዶ ጥገና ተብሎ መቋረጥ እንደሌለበት የአሜሪካ የሩማቶሎጂና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት በመመሪያቸው አስፍረዋል፤ ለጥቂት ጊዜ የሚቆሙት ባዮሎጂክ የሚባሉት በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው። የትኛው ይቁም፣ የትኛው ይቀጥል የሚለው የሐኪም ውሳኔ ነው፤ «ሁሉንም አቁሚ» ግን ውሳኔ አይባልም።

ሐኪማቸው መድኃኒቱን አስጀመራቸው። ሜቶትሬክሴት ለዚህ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ተሳስቶ በየቀኑ የወሰደው ሰው ሊሞት ይችላል። ልጃቸው ቀኑ እንዳይምታታ ከገበያ ቀን ጋር አያያዘችው፤ እናቷ ገበያ በቆመ ቀን ይውጣሉ፣ በሌላ ቀን እሽጉ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። እብጠቱ በአንድ ጊዜ አልጎደለም። ሲጎድል ግን እንቅስቃሴውን ካቆምንበት ቀጠልን።

መጨረሻ ላይ የሆነውን ብዙ ሰው አይጠብቀውም። መሪጌታ በጉልበታቸው በደንብ እየሄዱ ቅሬታ ነበራቸው። ለዐቢይ ጾም ተንበርክከው መስገድ ፈልገው፣ ጉልበታቸው መሬት ሲነካ የሚሰማቸው ባዕድ ነገር ከለከላቸው። ሰው ሠራሽ ጉልበት ያላቸው ብዙ ሰዎች መንበርከክ ይከብዳቸዋል፤ ይህንን ከቀዶ ጥገናው በፊት የነገራቸው አልነበረም። የንስሐ አባታቸው ቆመው እንዲሰግዱ ፈቀዱላቸው፤ እሳቸው ግን እስካሁን ቅር ይላቸዋል። ጉልበታቸውን ካስቀየሩ የኦስቲዮአርትራይተስ ታካሚዎች ከአምስት አንድ ያህሉ በውጤቱ ሙሉ በሙሉ እንደማይረኩ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ዋናው ምክንያት የጠበቁትና ያገኙት አለመገጣጠሙ ነው።

እትዬ ከመሪጌታ ያነሰ ያጥፋሉ፤ አካሄዳቸውም ይዘገያል። ደስታቸው ግን ይበልጣል። የተነሡበት ጉድጓድ ጥልቅ ነበር፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ሽንት ቤት የሚሄዱት በልጃቸው ታዝለው ነው። በሌላ አገር የተደረጉ ጥናቶችም የሩማቶይድ ታካሚዎች ከባሰ ሁኔታ ተነሥተው በሕመም መቀነስና በእርካታ ከሌሎቹ እንደማያንሱ አሳይተዋል። «ያሰብኩትን ያህል አልተሻለኝም» የሚለውን ቅሬታ ከእትዬ አፍ ሰምቼው አላውቅም።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ጉልበቱ በመኪና አደጋ ተሰብሮ ከዓመታት በኋላ ቁርጥማት የያዘው ሾፌር መጥቶልን ያውቃል፤ ዕድሜው ገና ነው፣ ጉልበቱ በድሮው ጠባሳ የተጠፈረ ነው። እንዲህ ያለው ጉልበት ከተቀየረ በኋላ የመድረቅ፣ የማመርቀዝና እንደገና የመሠራት ዕድሉ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት ከተቀየሩ ጉልበቶች ከመቶ 82 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ገምቷል፤ ለሰባ ዓመት ሰው ይህ ዕድሜ ልክ ነው፤ ለአርባ ዓመት ሾፌር ግን አይደለም።

አሁን በክፍላችን ጉልበቱ የተቀየረ ሰው ሲመጣ ማዕዘን መለኪያውን ከማንሳቴ በፊት ጉልበቱ በየትኛው ሕመም እንደተጎዳ እጠይቃለሁ፤ የመድኃኒት ከረጢቱንም አስመጥቼ በዓይኔ አያለሁ። ሩማቶይድ ያለበት ከሆነ እጁን፣ ትከሻውንና አንገቱን እመረምራለሁ፤ አንገቱ ውስጥ ያለው መገጣጠሚያ ላልቶ ሊሆን ይችላልና። የእንቅስቃሴውን መጠንም እንደ ዕለቱ እብጠት እለውጣለሁ። እትዬ የግራውን ጉልበት እናስቀይር ወይ ብለው ነበር፤ እብጠቱ በመድኃኒቱ ስለረገበ ሐኪማቸው ለጊዜው ይቆይ ብሏቸዋል።