ካርዱን የመረጠልኝ ፓወር ሰፕላዩ ነው

የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ጥር ሲገባ ስልኬ አያርፍም። ሙሽሮቹ ገና ከጫጉላ ሳይወጡ «መቼ ይደርሳል?» ይጀመራል። ይህን ሁሉ የምሠራው በዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው። ከውጭ ተጭነው ከሚመጡት ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒዩተሮች አንዱ ነው። አራተኛ ትውልድ አይ7፣ 16 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ አለው። የሚጎድለው ምስልና ቪዲዮ የሚያቀናብረው ግራፊክስ ካርድ ነበር። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የኢንቴል ግራፊክስ ለኤክሴል ይበቃል፤ ለቀለም ሥራ ግን አቅም የለውም።

ጓደኞቼ «ሽጪውና ክሎን አሠሪ» ይሉኛል። ማሠራቱን ማን ጠላ! ነገር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የዶላሩ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዕቃ በዕቃ ገዝቶ ኮምፒዩተር መገጣጠም የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ ካርድ ብቻ ልጨምር አልኩ።

ካርድ ከማማረጤ በፊት የሳጥኑን የጎን ክዳን ከፈትኩ። ብራንድ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል። ለኮምፒዩተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 290 ዋት ይላል። ከውስጡ የሚወጡትን ገመዶች አንድ በአንድ አየኋቸው። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ፒን ገመድ የለም። ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደውም እንደሌላው ኮምፒዩተር ባለ 24 ፒን ሳይሆን የዴል የራሱ ባለ 8 ፒን ነው። ሌላ ፓወር ሰፕላይ ገዝቼ ልቀይር ብል አይገጥምም፤ መቀየሪያ ገመድ ይፈልጋል።

ታዲያ ካርዱ ኤሌክትሪክ ከየት ያገኛል? ከሚሰካበት ስሎት ብቻ። ስሎቱ የሚሰጠው ደግሞ እስከ 75 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩ 84 ዋት፣ ካርዱ 75፣ ዲስኩና ፋኑ ትንሽ ትንሽ፤ 290ው ይበቃል። ከ75 ዋት በላይ የሚጠይቅ ካርድ ሁሉ ግን ከዝርዝሬ ወጣ። ሦስት ቀሩ፦ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ጂቲኤክስ 1650 እና ባለ 6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050። የመጨረሻው ለኪሴ ከበደ። 1050 ቲአይ ደግሞ አርጅቷል፤ አምራቹ ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ መደበኛ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አቁሟል። ኤዲት የማደርግበት ፕሪሚየር በየጊዜው አዲስ ድራይቨር ስለሚጠይቅ ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። 1650 ላይ ረጋሁ።

ገበያው ሌላ ጣጣ ነው። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ 1650 ነበረው፤ ግን ጀርባው ላይ ባለ 6 ፒን መሰኪያ ያለው ዓይነት። 1650 ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ አምራች ፍጥነቱን ከፍ ያደርግና ተጨማሪ ገመድ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ሻጩ አልተጨነቀም። ከመሳቢያው ከዲስክ ገመድ ወደ 6 ፒን የሚቀይር ማስቀጠያ አወጣ። «እህቴ፣ ስንቱ ሰው በዚህ ይሠራል» አለኝ። ስንቱ እንደተቃጠለበት አልነገረኝም። የዲስክ ገመዱ በ12 ቮልት መስመር እንዲሸከም የተሠራው 54 ዋት ነው፤ ባለ 6 ፒኑ ግን እስከ 75 ሊስብ ይችላል። አመስግኜ ወጣሁ።

ሌላ ሱቅ «1650 የለም፤ 1050 ቲአይ ግን በጥሩ ዋጋ አለ» አለኝ። ዋጋው ከጥሩም በላይ ነበር፤ የተጠራጠርኩትም ለዚያ ነው። ካርዱን ገልብጬ የኋላ መሰኪያዎቹን አየሁ፤ ሰማያዊው ቪጂኤ፣ የአሮጌ ሞኒተር የአናሎግ መሰኪያ፣ አለ። ኤንቪዲያ 1050 ቲአይ ካለበት ከ10ኛው ትውልድ ጀምሮ የአናሎግ ምልክት ከካርዶቹ አስቀርቷል። 1050 ቲአይ ላይ ቪጂኤ ምን ይሠራል? «እስቲ ሰክተን እንየው» አልኩ። ልጁ አላንገራገረም፤ ምናልባት እሱም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የካርዱን ማንነት የምታሳየውን ጂፒዩ-ዚ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ከፍላሼ አስነሳሁ። ከካርዱ ስም ፊት «ፌክ» (ሐሰተኛ) የሚል ጽሑፍ መጣ። ከ2010 እና 2011 እ.ኤ.አ. የቀሩ የጂቲኤስ 450 እና የ550 ቲአይ ካርዶች ባዮሳቸው (ውስጣቸው የተጻፈው መነሻ ፕሮግራም) ተቀይሮ 1050 ቲአይ ነን እንዲሉ ይደረጋል። ዊንዶውስም የተነገረውን ያምናል። ያገለገለ ካርድ የምትገዙ ሰዎች ይህችን ፕሮግራም ሳትይዙ ከቤት አትውጡ።

በመጨረሻ መገናኛ አካባቢ አጭር፣ ባለ አንድ ፋን፣ ምንም ገመድ የማይጠይቅ 1650 አገኘሁ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህን ስታነቡት ተለውጦ ይሆናል።

መግጠሙ ከመግዛቱ ይቀላል። ገመዱን ነቅሎ፣ የመክፈቻ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የቀረውን ኤሌክትሪክ ማስጨረስ፣ እጅን የሳጥኑ ብረት ላይ ማሳረፍ፣ አቧራውን መጥረግ። ካርዱ ሰማያዊው ስሎት ውስጥ «ቀጭ» እስኪል ገባ። ያስቸገረኝ ሞኒተሬ ነው፤ አሮጌ ነውና ቪጂኤ ብቻ ነው ያለው። እውነተኛው 1650 የቪጂኤ ምልክት እንደማያወጣ ስላወቅሁ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር መሣሪያ አብሬ ገዝቼ ነበር። ውስጡ ቺፕ ያለው መሆን አለበት፤ ባዶ ገመድ ምልክቱን አይቀይርም።

ድራይቨሩን ጭኜ ፕሪሚየርን ከፈትኩ። በፕሮጀክት ሴቲንግ ውስጥ ሬንደረሩን ከ«ሶፍትዌር ኦንሊ» ካርዱን ወደሚያሠራው «ኩዳ» ቀየርኩት። የሙሽራዋ መግቢያ ላይ ሉሜትሪ (የፕሪሚየር ቀለም ማስተካከያ) የጫንኩበት ክሊፕ ነበር፤ ከላዩ ያለው ቀይ መስመር ሁልጊዜ ሬንደር ሳላደርግ አላጫውትም ይለኝ ነበር። ቀዩ ቢጫ ሆነ። ስፔስ ተጫንኩ፣ ሳይቆራረጥ ሄደ። ከወንበሬ ተነስቼ እስክስታ ልመታ ምንም አልቀረኝም።

ሁሉም ተፈታ ማለት ግን አይደለም። አንዱ የካሜራ ባለሙያዬ በሶኒ ባለ 10 ቢት 4፡2፡2፣ ማለትም ብዙ የቀለም መረጃ በሚይዝ ዓይነት፣ ይቀርጻል። ይህን ዓይነት ፋይል የሚፈቱት የኤንቪዲያ ካርዶች ከአርቲኤክስ 50 ወዲህ የመጡት ናቸው። ስለዚህ የእሱን ፋይሎች አሁንም ማታ ማታ ፕሮክሲ (ለኤዲት የሚቀል ቅጂ) እየሠራሁላቸው ነው የምተኛው። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየኝ ዩፒኤሴም ጫናው ጨምሮበታል። መብራት ሲጠፋ ድሮ ረጋ ብዬ ሴቭ አድርጌ እዘጋ ነበር፤ አሁን ሮጥ ማለት አለብኝ።

ሳጥናቸው እንደ እኔ ትልቁ ሳይሆን ቀጭኑ የሆነ ደግሞ አሉ። እናንተ አጭር ቁመት ያለው ካርድ ነው የምትፈልጉት፤ ከመግዛታችሁም በፊት በስሎቱና በፓወር ሰፕላዩ መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ፤ ወፍራም ካርድ ላይገባ ይችላል። አርኤክስ 6400 ቀጭንና 53 ዋት ብቻ ነው ብሎ የሚያግባባችሁ ይኖራል። ለጌም እሺ፤ ቪዲዮ ለሚያወጣ ሰው ግን ኢንኮደር (ቪዲዮውን ጨምቆ ፋይል የሚያደርገው ክፍል) የለውም። ሌላ ካርድ ካገኛችሁም ካርዱን ከሳጥኑ ጋር የሚያስረውን አጭሩን ብረት ከነብሎኑ ሳትቀበሉ ገንዘቡን አትቁጠሩ፤ ለብቻው ልፈልግ ብትሉ በቀላሉ አታገኙትም።