ቢጫ ካርዱና የእናቴ ጥያቄ
ሲልቨር ስፕሪንግ 12 ዓመት ከኖርኩ በኋላ፣ በግሪን ካርድ ልቆይ ወይስ የአሜሪካ ዜግነት ልውሰድ የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ያለ ዳግም መግቢያ ፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ ከአገሪቱ ከራቀ የመኖሪያ መብቱን ሊያጣ ስለሚችል፣ እናቴን ለማስታመም ጎንደር በሄድኩ ቁጥር ቀን እቆጥር ነበር። ዜግነቱን ብወስድ ደግሞ፣ ሕጋችን ጥምር ዜግነትን ስለማይፈቅድ ኢትዮጵያዊ ዜግነቴን አጣለሁ። ያረጋጋኝ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ፣ የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ መኖሪያና ያለ ሥራ ፈቃድም ኖሮ ይሠራል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፤ ይህ እስካሁን ያመኛል። ባለፈው ጥቅምት ካርዱን ይዤ ስገባ እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «መቼ ነው የምትመለሺው?» አለችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀን አልቆረጥኩላትም።